ከጦር ሜዳ እስከ እርሻ፦ የተመላሽ ወታደር የአእምሮ ሕመምና የሰውነት እንቅስቃሴ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያመራው መንገድ ጉንደ ወይንን አቋርጦ ያልፋል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ጦር ሲበተን፣ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ወዳሉት መንደሮች የተመለሰው ወታደር ጥቂት አልነበረም። አንዳንዱ በ1969 ዓ.ም. በሚሊሺያነት ታጥቆ የወጣ ገበሬ ነው፤ ሌላው በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ሕግ የተመለመለ ወጣት ነው። አብዛኛው በእግሩ ቆሞ ተመለሰ። ነገር ግን ሰውነቱ ደኅና መስሎ አእምሮው የታወከም አብሮ ተመለሰ። የዚህኛው ታሪክ በወጉ አልተጻፈም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ450,000 በላይ ወታደሮችን ወደ ሲቪል ሕይወት የመመለስ ኃላፊነት ተሸክሞ ነበር። ግማሽ ያህሉ ወደ ገጠር ገቡ። ለእነርሱም እህል፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ መሣሪያና በሬ እንዲታደል፣ መሬትም እንዲሰጥ ተደረገ። ሥራው ካገሪቱ አቅም አንጻር ሲመዘን ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በሬና ሞፈር ለሚቆጥር መዝገብ የአእምሮ ሁኔታ የሚቆጠር ነገር አይደለም። እጁን ያጣው ወታደር ጉዳተኛ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ሌሊት የሚጮኸውና ከሰው የሚሸሸው ግን ጤነኛ ተብሎ ወደ ቀየው ተሸኘ።

ለእንዲህ ያለው ሰው በዚያን ዘመን ምን መጠጊያ ነበረው? በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋነኛ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ አዲስ አበባ መድረስ ለማይችል ቤተሰብ ቀሪው መንገድ ጸበል ነበር።

ጸበል ለሕመምተኛው ጸሎትና ሰው የሚሰጥ ስፍራ ነው። ማለዳ መነሣቱ፣ በእግር መሄዱና ስግደቱ ለደከመ ሰውነት ሥርዓት ያለው እንቅስቃሴ ይሆናል። በአንጻሩ ግን ቤተሰብ ሕመምተኛው እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ሲፈራ በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰሩ በቤትም በጸበልም የታወቀ ነው። የሚያስረው በጭካኔ ሳይሆን ሌላ ዘዴ በማጣት ነው። ቢሆንም የታሰረ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥራም ይለያል። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው እንግዲህ የሰንሰለቱ ነገር ነው።

የውትድርናን የአእምሮ ጉዳት በእንቅስቃሴ የማከም ሐሳብ በሌላው ዓለም ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኤድንበራ አጠገብ በነበረው የክሬግሎክሃርት የጦር ሆስፒታል ዶክተር አርተር ብሮክ የሚባል ሐኪም በከባድ መሣሪያ ድምፅና በፍርሃት አእምሯቸው የታወከ መኮንኖችን በሥራ ያክም ነበር። ሕመምተኞቹ በእግር እንዲጓዙ፣ አትክልት እንዲያለሙና በአካባቢው ሕዝብ ሥራ እንዲገቡ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ገጣሚው ዊልፍሬድ ኦውን ካከማቸው አንዱ ነው። ብሮክ ምሳሌ አድርጎ የያዘው የግሪኮቹን አንቴየስን ነበር፤ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ኃይሉ የሚታደስ፣ ከመሬት ሲነሣ ግን የሚሸነፍ ግዙፍ ነው። ጦርነት ወታደሩን ከመሬቱ ነቅሎታልና መልሶ መትከል ያስፈልጋል ማለቱ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል አከርካሪያቸው ለተጎዳ ወታደሮች ስፖርትን የሕክምና ክፍል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመረው ውድድር ለዛሬው የፓራሊምፒክ ጨዋታ መነሻ ሆኗል። የክቡር ዘበኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱበት ደረጃ ሲደርሱ የታከመው በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በሮምና በቶክዮ ማራቶንን ያሸነፈ ወታደር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መሳቡ ጉትማን ያስተማረውን የሚያረጋግጥ ነበር፤ እንቅስቃሴ ከጡንቻ አልፎ የሰውን ክብር ይጠግናል።

የዛሬው ጥናት ይህን በቁጥር ይደግፋል። በስኪዞፍሬኒያ ላይ የተደረጉ ምርምሮችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ የሕመሙን ምልክቶች እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ በሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 81 ሰዎች ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር የተጨመረ እንቅስቃሴ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት እንዳቃለለ አስረድቷል። እንቅስቃሴው መድኃኒትን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ነው።

ሆኖም የባዕድ አገር መድኃኒት እንዳለ አይገለበጥም። በበለጸጉት አገሮች እንቅስቃሴ የሚታዘዘው በመድኃኒቱ ምክንያት የሚመጣውን ውፍረትና የልብ ሕመም ለመከላከል ጭምር ነው። በቡታጅራ ግን ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ 68,378 ሰዎችን በመመርመር የተጀመረውና ሕመምተኞቹን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ሌላ ገጽ ይገልጣል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ያህል ቀድመው የሚሞቱ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን የሚገድለው ተላላፊ በሽታ ነው። የተራበንና በሳንባ ነቀርሳ የሚሠቃይን ሰው ሩጥ ማለት ሕክምና አይባልም። ምግቡ፣ መድኃኒቱና ንጹሕ ውኃው መቅደም አለባቸው።

ገበሬ በሥራው ሰውነቱን ስለሚያንቀሳቅስ ሌላ አያሻውም የሚለው ክርክርም ሲመረመር አይጸናም። ሕመምተኛው ገበሬ ነው ማለት ያርሳል ማለት አይደለም። ከደቦና ከወንፈል መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው፤ መሬቱም በየጋራ ለሌላ ይሰጥበታል። በጉራጌው ሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት መፍትሔውን ያመለክታል፤ ከሕክምናው ጋር በየቤቱ እየሄዱ ሕመምተኛውን ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ የሚመልሱ ሠራተኞች የተመደቡላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ መሥራት ችለዋል። ለጉንደ ወይን ገበሬ የሚስማማው እንቅስቃሴም ይኸው ነው። ዛሬ ውኃ መቅዳት፣ ነገ ከብት ማገድ፣ ከዚያም አረም፣ በመጨረሻም በወንፈል ከጎረቤት ጋር መሰለፍ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዷል። በ1983 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ያልነበረው ዓምድ በዚህኛው መዝገብ ላይ ሊኖር ይገባል።

በዚህ ረገድ የመሐንዲሱ ድርሻ ከሐኪሙ ያነሰ አይደለም። የጤና ጣቢያን ግቢ የሚነድፍ፣ ሕመምተኛው የሚራመድበትን ጥላና አጥር፣ የሚሠራበትን ጓሮና የሚታጠብበትን ውኃ አስቀድሞ በንድፉ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። ዘግይቶ የሚታሰብ ግቢ ወደ መጋዘንነት ይለወጣል። መንገድ የሚሠራም መድኃኒቱ በክረምት እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ወታደሩን ወደ ጦር ሜዳ የወሰደው መንገድ ሕክምናውንም ወደ ቤቱ ማድረስ ይኖርበታል።