የዳዊት ድግስ

በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ፣ እየጮኸ ይቆጥር ነበር፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት። ንባቡ ግዕዝ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ እንኳ የሚያነበውን አይረዳውም። ይህን ጉድለት አንክድም። ግን ዳዊት ሲጨርስ ወላጆቹ ይደግሱለታል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል፣ ይጠጣል። መጽሐፍ መጨረስ እንደ ሠርግ ነበር እኮ!

ዘመናዊው ትምህርት ቤትስ? የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ ታላቅ እርምጃ ነው። እኛ በተማርንበት ክፍል ግን ጩኸቱ ተወርሶ ድግሱ ቀርቶ ነበር። የተረት መጽሐፍ እንዳይቀደድ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ሳይቀደድ አረጀ!

በ1995 ዓ.ም. ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ፣ ሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እዚያ መጽሐፉ ልጆች እጅ ገባ።