የደጋፊዎች የውጭ ሜዳ ጉዞ (አውሮፓ)

በአውሮፓ ክለቦች ውድድር ቡድናቸው ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ደጋፊዎች ድንበር ተሻግረው የሚያደርጉት ጉዞ። ዝግጅቱ የሚጀምረው ዕጣው እንደወጣ ነው፤ ተጋጣሚው ሲታወቅ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ወዲያው ይንራል። የዘገየ ሌላ ከተማ አርፎ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ይቀጥላል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣችበት ከብሬክዚት ወዲህ እንግሊዛዊው ደጋፊ የፓስፖርቱን ቀንም መቁጠር አለበት፤ ከተሰጠ 10 ዓመት ያለፈው ፓስፖርት ወደ ሸንገን አገሮች አያስገባም።

ከባዱ ግን የስታዲየም መግቢያ ነው። ባለሜዳው በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ደንብ ለእንግዶች የመቀመጫውን 5 በመቶ መልቀቅ አለበት። ክለቦችም ይህችኑ ድርሻ ሲያከፋፍሉ የዓመት ትኬት ያላቸውንና ቀድሞ ብዙ የተጓዙትን ያስቀድማሉ፤ አዲስ ደጋፊ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ኮታ ብቻውን ሰው እንደማይመልስ የታየው ኤፕሪል 14 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና ነው። የጀርመኑ አይንትራህት ፍራንክፈርት ከባርሴሎና ክለብ ጋር ለነበረው የዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ የደረሰው ትኬት 5,000 ገደማ ነበር፤ ባለሜዳው ስታዲየም ካምፕ ኑ የገባው ደጋፊው ግን ወደ 30,000 ተገምቷል። ብዙዎቹ የባለሜዳውን ትኬት ከአትራፊ ሻጮች ገዝተው፣ ነጭ ለብሰው፣ በባርሴሎና ደጋፊዎች መሀል ተቀመጡ። ፍራንክፈርት 3 ለ 2 አሸነፈ። የባርሴሎና ፕሬዚዳንት ዦአን ላፖርታ በሁኔታው ማፈራቸውን ተናግረው የትኬት ሽያጩ ቁጥጥር እንደሚጠብቅ አስታወቁ፤ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባ ነበር።