ደረቅ ማንኪያ

ሀርጌሳ ገበያ ቴምር ልገዛ ቆሜያለሁ። ገንዘቤን ስዘረጋላት ሻጯ እጄን አየችና በአገጯ ወደ ስልኬ አመለከተችኝ። «ዛድ» አለች። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው የሞባይል ገንዘብ ነው፤ እዚህ ከተማ ሻይም በእሱ ይጠጣል። ቁጥሩን ስነካካ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዛድ እኮ በዓረብኛ የመንገድ ስንቅ ማለት ነው። ስንቅ ልገዛ መጥቼ በስንቅ ከፈልኩ!

የምሄደው ላስ ጌል ነበር፤ በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። የዋሻ ሥዕሎቹን እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ለዓለም አሳወቋቸው፤ እረኞቹማ ቀድሞም ያውቋቸዋል። ስሙ የግመሎች ጉድጓድ ነው፣ ድንጋዩ ላይ የነገሡት ግን አንገታቸው ያጌጠ ላሞች ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ደረቁን ወንዝ እየተከተልኩ በእግሬ ልዞር አማረኝ። ፈቃዱ ወጣ፤ ጠባቂ ፖሊስም ታዘዘልኝ።

ቤት ያከራዩኝን እናት «ኤዶ» እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም መልሰው እኔኑ «ኤዶ» ይሉኛል። የሶማሌ ወግ ነው፤ አክስት የወንድሟን ልጅ በራሷ መጠሪያ ትጠራዋለች። አማርኛቸውን ያመጡት ከጅግጅጋ ነው።

«ኤዶ፣ ምን ይዘሃል?»

በኩራት ዘረገፍኩት። ሁለት ኪሎ በሶ፣ የገብስ ቆሎ በሽምብራ፣ አንድ ፌስታል ቋንጣ። የአባቶቻችን ጦር በዚህ ነው ተራራ የወጣው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሶውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይሄ ውሃ ይጠጣል። ቆሎው አንተን ውሃ ያስጠጣሃል። ቋንጣውንስ? ድስት ትሸከማለህ?»

ዝም አልኩ። ለካ የያዝኩት የደጋ ስንቅ ነው፤ ምንጭ በየጋራው ሥር ለሚፈልቅበት አገር የታሰበ። በዚያ ደረቅ ወንዝ ግን እያንዳንዷ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሆና ትከሻዬ ላይ ልትቀመጥ ነው።

ኦድካዕ የሚሉትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሙቅማድ የሚለውም አለ። ሥጋው እንደኛ ቋንጣ ተዘልዝሎ ፀሐይ ላይ ይሰቀላል። ሲደርቅ ግን ሥራው ገና ተጀመረ። ኤዶ ዘልዛላውን መክተፊያ ላይ አጋድመው ሽምብራ ሽምብራ አሳክለው ከተፉት፤ ቢላዋው ጠክ ጠክ ይላል። ከዚያ ዘይት ውስጥ ጠቁሮ እስኪንኮሻኮሽ ተጠበሰ፣ ተጠለለ፣ ንጥር ቅቤ ላይ ተገለበጠ። ሄል ሲገባበት ቤቱ ሌላ ሆነ። ፀሐዩ ውሃውን አወጣ፣ ቅቤው አየሩን ዘጋ፤ ሲያበላሽ የሚኖረው ነገር መግቢያ አጣ። ወራት ይቆያል። ሸክሙም ቀላል ነው፦ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ የእኔ የገብስ ዱቄት 4 አይሞላም። ቋንጣችንን እወዳለሁ፤ ግን ፍርፍር እስኪሆን እሳት ይጠብቃል። ይሄኛው ያለቀለት ነው።

ለሙሽራ ቤት ሲሆን ይኸው ሥጋ ሄዶ በሚባል ዕቃ ይገባል። ዕቃው እንደ ሙሽራ ለብሶ በገመድ ይተበተባል፤ የባል ወገን ቋጠሮውን እስኪፈታ ላቡ ጠብ ይላል። እኛ አገልግል የምንፈታው ስለራበን ነው፤ እነሱ ዘንድ ፈተና ነው።

ለእኔ የደረሰኝ የማር ብልቃጥ ነበር። ክዳኑን አጥብቀው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «እርጥብ ማንኪያ እንዳታስገባ። አንዲት ጠብታ ውሃ ሁሉንም ትገድለዋለች።»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ፣ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከገዛ አየር ማረፊያዋ ነበር። ኤዶ ልጅ አዝለው በሌሊት ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ሐርታ ሼክ በእግራቸው ተጓዙ። በእጃቸው ያለችው እንዲህ ያለች ብልቃጥ ናት። «ማንኪያውን በጉንጬ ጠርጌ አደርቀው ነበር» አሉ፣ ሳቁም። እኔ አልሳቅኩም።

ላስ ጌል ቀትር ላይ ድንጋዩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ ወርቅ መስሏል። ፖሊሱ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አስተኛ፤ ማንኪያውን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ አንዴ ጠረገ፣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፣ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ነው የነከረው። አንድ ማንኪያ ሥጋ፣ ሦስት ቴምር፣ አንድ ጉንጭ ውሃ። ሰልፍ የያዙ ላሞች ከላያችን ያዩናል። በሶዬን ሳልፈታ ሁለት ቀን ተሸከምኩት።

ሀርጌሳ ስመለስ ኤዶ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱኝም። ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡ። ታቹ ጣት የማይሞላ ቅቤ ቀርቷል።

«ደረቅ ነበር?»

«ደረቅ ነበር፣ ኤዶ።»

አሸተቱት፤ ከደኑት። ከዚያ የበሶውን ከረጢት ከትከሻዬ ወስደው ፈቱና አንድ ጭብጥ ብርጭቆ ውስጥ አደረጉ።

«ጅግጅጋ በስኳር ነበር የምንጠጣው» አሉ። «ውሃውን አቀብለኝ፤ እዚህ እንኳ ቧንቧ አለን።»