የገናሌው መርዝ የልጅ ልጅ

ከሐዋሳ በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ነገሌ ቦረና ስትሄዱ ብርዳማዋን ቦሬን ታልፋላችሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። በ1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ ወንዝ በኩል ከግራዚያኒ ጋር የተዋጋው እዚያ ታች ነው። የጣልያን አውሮፕላኖች በዚያ ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። በጥር ነገሌ ተያዘች።

ይህ ጋዝ ቆዳ አቃጥሎ ብቻ አይተውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች በጋዙ የተጎዱ ሰዎች ነጭ የደም ሴላቸው እንደሚመናመን አስተውለው ነበር። ታዲያ ከነጭ የደም ሴል የሚነሳውን ካንሰር፣ ሊምፎማን፣ ለምን አይገድልም? እ.ኤ.አ. በ1942 ጉድማንና ጊልማን የተባሉ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጋዙን የቅርብ ዘመድ ናይትሮጅን መስተርድን ሊምፎማ ለጠናበት ሰው በደም ሥር እንዲሰጠው አደረጉ። እብጠቱ በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ግን ተመልሶ መጣ፤ ሰውየውም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ።

አንድ መድኃኒት ብቻውን አልበቃም። በ1970ዎቹ ቾፕ የተባለው ቅንብር መጣ። ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው ናይትሮጅን መስተርድ ልጅ ነው። ዶክሶሩቢሲን መነሻው በጣልያን አፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ ይወጣል። አራተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው። አራቱም ሴሉን የሚመቱት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል። በዚህ ዓይነት ሕክምና፣ በሰውነት ውስጥ የተሰራጨ ኃይለኛ ሊምፎማ እንኳ ከብዙ ሰዎች ላይ ጨርሶ መጥፋት ጀመረ። በ1993 የወጣ ጥናት 899 በሽተኞችን ይዞ ቾፕን ከሦስት አዳዲስና ከበድ ያሉ ቅንብሮች ጋር አወዳደረ፤ አንዳቸውም አልበለጡትም። በኋላ ሪቱክሲማብ ሲጨመርበት ውጤቱ ይበልጥ ተሻሻለ።

ቾፕ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ይሰጣል፤ በየ21 ቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ዙር። ከቦሬ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ስድስት ጊዜ የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ነው፤ ማሳው ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ከባዱ ነገር እብጠቱ ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ ሊጠፋ መቻሉ ነው። ያኔ ሰው «ድኛለሁ እኮ፣ ምን ልሠራ እመለሳለሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

የ1942ቱ ሰው እብጠትም ጠፍቶ ነበር። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ካለ፣ ለቀሩት ዙሮች መሳፈሪያውን አዋጡለት፤ አብራችሁትም ሂዱ።