የጨርጨር በቅሎና የመኳንንቱ ፈረስ

የፈረስ እሽቅድምድም ለአንድ ሕዝብ ሀብትና ባህል ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚመረምር ሰው፥ ዘወትር ዓይኑን የሚጥለው ዳግማዊ ቻርልስ ባዘወተረው በእንግሊዞቹ በኒውማርኬት፥ ወይም ሌጋሲዮኖችና መኳንንት ፈረሶቻቸውን ያወዳድሩበት በነበረው በጃን ሜዳ ላይ ነው፤ እኔ ግን ነገሩን ከጨርጨር ደጋ፥ ከአሰበ ተፈሪ (ከዛሬይቱ ጭሮ) ሆኖ መመልከት ይበልጥ ያስተምራል እላለሁ፤ በዚህ ደጋ በሚያልፈው የሲራራ መንገድ ላይ ክብሩ የፈረስ፥ ትርፉ ግን የበቅሎ ነበረና።

ባቡር ሳይመጣ ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ በቆላው በረሓ ሸቀጡን በግመል ሲያሳልፍ፥ በጨለንቆና በቁኒ በኩል የጨርጨርን ደጋ እየተከተለ ወደ አዋሽ የሚወርደው ግን ጭነቱን በበቅሎ ያጓጉዝ ነበር። ፈረስ ለጦርና ለጉግስ የተጠበቀ ስለ ነበረ፥ መኰንኑ ራሱ እንኳ በጉዞ ጊዜ በሰጋር በቅሎ ተቀምጦ፥ ፈረሱን በልጓም እያስሳበ ያስከትለው ነበር፤ ስለዚህም መልካም በቅሎ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ ብታወጣ የሚደነቅ አልነበረም። ይህም የመኳንንት ወግ ብቻ አይደለም፤ በእርጥብ ወራት በጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚተላለፈው የፈረስ ወረርሽኝ ፈረስን በብርቱ ሲፈጅ፥ በቅሎ ከእርሱ ይሻላል፥ አህያማ ከሁሉ ይልቅ ይቋቋመዋል።

ስሙ ግን ለፈረስ ቀረ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን የያዙት ምኒልክ አባ ዳኘው፥ አገሩን እንዲገዙ የሾሟቸው ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ልጃቸው ተፈሪም አባ ጠቅል ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው፤ የራስ መኰንን ፈረስ ስምማ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ድረስ ዘምቷል። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማት በቅሎ አላውቅም!

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ሐዲዱ ደጋውን ትቶ በአፍደምና በሚኤሶ ስላለፈ፥ የረጅሙ መንገድ ሲራራ አበቃ። በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት ያደጉት፥ በሩሲያም የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት፥ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ለአርአያነት ሲቈረቍሩ፥ ዘመኑ አስቀድሞ የሐዲድ ዘመን ሆኖ ነበር።

በአገው ምድር ነገሩ ሌላ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በእንጅባራ ተሰብስቦ በዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶች ይዘክራል፤ ፈረሱም ለጉግስና ለሽምጥ ግልቢያ አሸብርቆ ከዋለ በኋላ በማግሥቱ ወደ ጭነቱና ወደ እርሻው ስለሚመለስ፥ ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው ለአንድ ቀን ክብር ብሎ አይደለም።