የሲኒማ ቤተ መዘክርና የአራዳ ተመልካች

የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ገንዘብ ከፍሎ ለሚገባ ሕዝብ በፓሪስ ከተማ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ስለሆነ፣ ሁለቱን ነገሮች የሚለያያቸው የሁለት ወር ጊዜ ብቻ ነው። አዲሱም መሣሪያ ብዙ ሳይዘገይ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ።

ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማው ሕዝብ በወጣ ጊዜ ግን ሌላ ስም ተሰጠው። በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን፣ ከመጀመሪያዎቹ አዳራሾች አንዱን፣ የአዲስ አበባ ሰው «ሰይጣን ቤት» አለው። ይህን ስም የድንቁርና ምልክት አድርጎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ የተቻኮለ ነው። በአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይን ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ዓይን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ፊቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ በግድግዳ ላይ ሲራመድ ቢያይ፣ ነገሩን ከየትኛው ወገን ሊመድበው ይችል ነበር? ይህ ግምት ነው፤ ነገር ግን ስሙን ከስድብነት አውጥቶ ወደ ምርመራ ያቀርበዋል።

በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ ያለውን የሲኒማ ቤተ መዘክር የሚጎበኝ ሰው የሚያገኘው መሣሪያን ነው፦ በመስታወት ላይ የተሣለ ሥዕል በብርሃን የሚያሳዩ ፋኖሶች፣ ከዚያም ካሜራዎች። ለአውሮፓ ይህ ቅደም ተከተል ተገቢ ነው፣ መሣሪያው እዚያ ተፈልስፏልና። በኢትዮጵያ ግን መሣሪያው ከውጭ ሲመጣ፣ በአገር ውስጥ የተፈጠረው መመልከት ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው የአገር ፊልም የታየው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ «ጉማ» የመጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአገሪቱ የሲኒማ ታሪክ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የተመልካች ታሪክ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ሥርጭቱን ሲጀምር፣ መቀበያ የነበረው ቤት ጥቂት ስለነበር የአንድ ሰው ሳሎን የጎረቤት አዳራሽ ሆነ።

የዚህ ተመልካች መንደር ማን ነበር ቢባል፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያና ከሲኒማ አምፒር በእግር የሚደረስበት ዶሮ ማነቂያ አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ሠፈር ያደገ ሰው የህንድን ፊልም ቋንቋውን ሳያውቅ ተከታትሏል፤ በኋላም በጠባብ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ተቀምጧል። ፊልም በቆርቆሮ ዕቃ ታሽጎ በቀዝቃዛና በደረቅ ክፍል ቢቀመጥ ብዙ ዘመን ይቆያል። መመልከት ግን የሚቀመጥበት ዕቃ የለውም፤ ያለው በሰውና በሠፈር ነው።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ወደፊት የሚቋቋም የሲኒማና የቴሌቪዥን ቤተ መዘክር አሮጌ ፕሮጀክተር ከየትም ገዝቶ ማቆም ይችላል። ትኬት ቆራጩን፣ ማሽን አንቀሳቃሹን፣ በሰንበት ከሰዓት በኋላ ተሰልፎ የገባውን ልጅ የሚያገኘው ግን ተነሺዎቹ በሰፈሩባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ደረጃ ለደረጃ እየወጣ በመጠየቅ ነው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ አሁን አረጋውያን ናቸው።