የፉጂሳኪ–ኦካሞቶ ለውጥ

በድብልቅ ምስጠራ ውስጥ የቁልፍ ማሸጊያውን ሆን ብሎ ከሚነካካ አጥቂ የሚከላከል ስልት። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ካቀረቡት ጃፓናውያን፣ ከኤይቺሮ ፉጂሳኪና ከታትሱአኪ ኦካሞቶ ነው።

በድብልቅ ምስጠራ ረጅሙ መልእክት የሚመሰጠረው በፈጣን የጋራ ቁልፍ ነው፤ የይፋዊው ቁልፍ ሥራ ያንን አጭር ቁልፍ አሽጎ ማድረስ ብቻ ነው። አደጋው ያለው ከተቀባዩ ዘንድ ነው። አጥቂ እሽጉን በጥቂቱ እየቀየረ ይልካል፤ ተቀባዩ «ይሄ ተበላሽቷል» ባለ ቁጥር ስለ ምስጢሩ ፍንጭ ይሰጣል። ዳንኤል ብላይክንባከር እ.ኤ.አ. በ1998 በአርኤስኤ ምስጠራ ላይ ያሳየው ጥቃት እንዲህ ያለ ነበር።

መፍትሔው ብልጠት አለው፦ ላኪው ሲያሽግ የሚጠቀምበት የዘፈቀደ ቁጥር በሀሽ አማካይነት ከሚታሸገው ምስጢር ከራሱ ይወጣል። ስለዚህ ተቀባዩ እሽጉን ከፈታ በኋላ ራሱ መልሶ ያሽገዋል፤ ውጤቱ ከተላከለት ጋር ባይት በባይት ካልገጠመ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤምኤል-ኬም የተሰኘው የአሜሪካ መስፈርት (ፊፕስ 203) እዚህ ላይ ስህተት እንኳ አያሳውቅም፤ ዝም ብሎ የማይረባ 32 ባይት ቁልፍ ይመልሳል። ጣጣው የሚመጣው ከኮዱ ነው፦ የማወዳደሪያው ፍጥነት እንደ ልዩነቱ ቦታ ከተለዋወጠ አጥቂው ሰዓት ይዞ ፍንጩን ይለቅማል።